አርሊስ ትቬትና የሳር ምድር ሊግ

እኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት የለም። ትሪው ላይ አንዲት ቁራሽ ኬክ ከቀረች ደፍሮ የሚያነሳት አይገኝም። አንዱ በቢላ ለሁለት ይከፍላትና ግማሿን ይወስዳል፣ ቀጣዩ ደግሞ የቀረችውን ለሁለት ይከፍላታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳህን የምታጥበዋ ሴት ጋ የምትደርሰው ፍርፋሪ ናት። ጎረቤትህ በትራክተር አጥርህን ቢደረምሰው «ኧረ ምንም አይደል፣ ድሮም ያረጀ አጥር ነው» ትለዋለህ። ከልብህ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ደቡብ ዳኮታ ከሚኒሶታ በሚዋሰንበት ሜዳ ላይ ያደገ ሁሉ ይሉኝታን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። አርሊስ ትቬትም እንደዚያው ናት። ልዩነቱ፣ እሷ በይሉኝታ ሥራ መሥራት እንደሚቻል ያወቀች ሴት መሆኗ ነው።

የእሷን ሕይወት ከሳር ምድር ሊግ ለይቶ ማውራት አይቻልም፤ ለሠላሳ ስምንት ዓመት የሊጉ ጸሐፊ፣ የሊጉም ብቸኛ ሠራተኛ ነበረች። ሊጉ በሜዳው ላይ እዚህና እዚያ የተበተኑ የስድስት ትናንሽ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ነው። አምስቱ የአብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ግሬንጀር የሉተራን፣ ቅዱስ ኮሎማን የካቶሊክ፣ ዌስሊ ሂል የሜቶዲስት፣ ኤልምዳልና ሃርመንም የየራሳቸው ሰባኪና የየራሳቸው ኩርፊያ ያላቸው። ስድስተኛው ቦይድ ከተማ የነበረው የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ ነው። በ1924 አብረው ለመጸለይ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ያልተስማሙ ሰዎች አብረው ኳስ ለመጫወት በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ተስማሙ። ከዚያ ሊግ ወጥቶ ስሙ በቴሌቪዥን የተጠራ ተጫዋች የለም። የወጡት አስተማሪዎች፣ የከብት ሐኪሞች፣ የባንክ ሠራተኞችና ገበሬዎች ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ሊግ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ!

አርሊስ የግሬንጀር ልጅ ናት። ቁመቷ ገና በልጅነቷ ከአባቷ አልፏል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ እንደ አካፋ የሚሰበስብ ነበር። እዚያው ኮሌጅ ተምራ ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች፤ ተጫወተች ከተባለ። በእሷ ዘመን ልጃገረድ ስትሮጥና ስታልባት መታየቷ ነውር ነው ተብሎ፣ ሴቶች ሲጫወቱ የጂምናዚየሙ በር ከውስጥ ይቆለፍ ነበር። አንድ ቀን ከሜዳው አጋማሽ ወርውራ ያስገባቻትን ኳስ ከጓደኞቿ በቀር ያየ የለም። ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ግን እያወራች እጇ ራሱ ወደ ላይ ይነሳና ኳሷን ይወረውራል። ያ ነገር አንጀቷ ውስጥ እንደቀረ ማንም ያይ ነበር።

ከተመረቀች በኋላ እዚያው የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆነች፣ ኦሪን ትቬት የሚባል የበቆሎ ገበሬ አገባች። ኦሪን በቀን የሚናገረው በጣት የሚቆጠር ቃል ነው፤ እሱንም ለማብሸቅ ይጠቀምበታል። በ1971 የሊጉ ሰዎች «ስልክ የሚያነሳልን ሰው እንፈልጋለን» ብለው ጠርተዋት ወደ ቤት ስትመለስ፣ ገና ከበሩ ኦሪን አያት።

«ስድስት ኮሌጅ ልታስተዳድሪ ነው በይኛ።»

«ምን ማስተዳደር አመጣህ፣ ስልክ ላነሳ ነው።»

«ስልክ የሚያነሳማ ነው የሚያስተዳድረው» አለና ወደ ማሳው ሄደ።

የሰጧት ቢሮ ከጂምናዚየሙ ጀርባ፣ ፎጣ ከሚታጠብበት ክፍል ጎን ነው። ክረምት ከበጋ የእርጥብ ፎጣ ሽታ አይለየውም። ከዚያ ሆና የዓመቱን የጨዋታ ፕሮግራም ታወጣለች፣ ዳኞች ትመድባለች፣ በረዶ ሲጥል አውቶቡሱ ይነሳ አይነሳ ብላ ትወስናለች። ከሁሉ በላይ ግን አልጋ ትደለድላለች።

አልጋው የሊጉ የራሱ ወግ ነው። ድሮ በሠላሳዎቹ ውስጥ የቅዱስ ኮሎማን ልጆች ግሬንጀር ተጫውተው ሲጨርሱ የበረዶ ውሽንፍር መንገዱን ዘጋባቸው። የከተማው ሰው ፋኖስ እየያዘ ጂምናዚየሙ ድረስ መጣና ሁለት ሁለቱን እየወሰደ አሳደራቸው። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢውል እንኳ፣ እያንዳንዱ እንግዳ ተጫዋች ቢጨንቅ የሚያድርበት ቤት አስቀድሞ ይነገረዋል። ልጆቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የማን አልጋ ነህ?» ነው። «እኔ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አልጋ ነኝ» ይላል አንዱ። «ታድለህ! እኔ የዚያች ድመት የምታረባዋ ሴትዮ አልጋ ነኝ» ይላል ሌላው።

አርሊስ በዚህ ሥራ የሚወዳደራት አልነበረም። ረጅሙን ልጅ አጭር አልጋ ላይ አታስተኛም። ድመት የሚያስነጥሰውን ድመት ቤት አትልክም። የሚያኮርፈውን ልጅ ወሬ የምታበዛ አሮጊት ቤት ትከተዋለች፤ በማግስቱ ሁለቱም ተሽሏቸው ይገኛሉ። ቆንጆ ልጅ ያላቸው ቤቶች ላይ ትጠነቀቃለች ይባላል። እኔ ግን አንዳንዴ ሆን ብላ ያልተጠነቀቀች ይመስለኛል፤ በዚያ አገር ከበረዶ የተነሳ የተጋቡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የ1975ቱን ውሽንፍር ያየ ሰው እስከ ዛሬ አውርቶ አይጠግበውም። የቅዱስ ኮሎማን ቡድን ግሬንጀር በገባ በሰዓት ውስጥ ሰማይና ምድር ተደባለቀ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ሁሉም ወደየአልጋው ተበተነ። የቡድኑ አሰልጣኝ አባ ኮልቤክ የሚባሉ ወጣት የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። አርሊስ የመደበቻቸው የሉተራኑ ሰባኪ ቤት ነው፤ ያም ሰውዬ ባለፈው እሑድ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ሲያብጠለጥል የዋለ ሰው ነው። አራት ቀን አንድ ጣራ ሥር ተዘጉ። የሰባኪው ሚስት እንደተናገረችው፣ ሁለቱን ቀን ስለ እመቤታችን ተከራከሩ፣ ሁለቱን ቀን ካርታ ተጫወቱ፣ በክርክሩ ማንም አላሸነፈም፣ በካርታው ግን አባ ኮልቤክ ባሏን ድራሹን አጠፉት። እሷም ይህን የምትናገረው ደስ እያላት ነው።

በአምስተኛው ቀን መንገድ ሲጠረግ፣ አውቶቡሱ ከመሄዱ በፊት ጨዋታው ይደረግ ተባለ። የግሬንጀር ሰው ጂምናዚየሙን ሞላው። ታዲያ ማንን ይደግፍ? እያንዳንዱ ሰው አራት ቀን ሙሉ ገበታው ላይ ያበላው፣ በረዶ የጠረገለት፣ ላም ያለበለት ልጅ ሜዳው ላይ በጠላት መለያ ቆሟል። ኳሷ ወደ አንዱ እንግዳ ልጅ ስትሄድ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ብድግ ይላል። የግሬንጀር አሰልጣኝ ሜርል ሃውስታድ ቶሎ የሚግል ሰው ነበር፤ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች፣ ለመሆኑ የማን ደጋፊ ናችሁ?»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ሹራቧን እየሠራች ቀና አለች። «ይሄውልህ የኔ ልጅ፣ አራት ቀን ላሜን ያለበልኝ እሱ ነው። አንተ አንድ ቀን መጥተህ ታውቃለህ?»

ግሬንጀር በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሰዉ ቤተሰቡን እንደሚሸኝ እያለቀሰ አውቶቡሱን ሸኘ። አርሊስ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። ሥራዋ ስልክ ማንሳት እንዳልሆነ የገባት ያን ቀን ነው፤ ይህ ነገር በእሷ ዕድሜ እንዳይጠፋ አጥብቃ ፈለገች።

ግን የጎደለው ነገር አለ። ሴቶቹ ያኔም የሚጫወቱት ማንም በሌለበት፣ ከትርፍ ሰዓት በተረፈ ሰዓት፣ በራሳቸው መኪና እየተጫጫኑ ነው። አርሊስ ስብሰባ ጠርታ አቤት አላለችም። ስብሰባ ቢጠራ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እስቲ እናጥናው» ተብሎ ጥናቱ አቧራ ለብሶ እንደሚቀር ታውቃለች። በሚቀጥለው ፀደይ ፕሮግራሙን ስታወጣ፣ ከወንዶቹ ጨዋታ በፊት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ጨዋታ ጨመረችበት። ከዚያ ለስድስቱም ኮሌጆች ላከችና ስልኩ እስኪጮህ ጠበቀች። መጀመሪያ የደወለው ሜርል ነው።

«አርሊስ፣ ይቺ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ያለችው ጨዋታ ምንድን ናት?»

«የሴቶቹ ናት።»

«የሴቶቹ... እንዲህ ተብሎ ተወስኖ ነበር እንዴ?»

«ለሁሉም ልኬዋለሁ። እስካሁን ማንም አልተቃወመም። አንተ ትቃወማለህ?»

ለሜርል በስድስት ኮሌጅ መሀል ብቻውን እምቢ ያለ ሰው ሆኖ መታየት ታየው። «ኧረ እኔ ምን በወጣኝ» አለ በመጨረሻ። «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

ሌሎቹም በየተራ ደወሉ፣ ያንኑ ጠየቁ፣ ያንኑ መልስ ሰሙ፣ ያንኑ አሉ። በዚያ ክረምት በሩ ክፍት ነበር። ወንዶቹን ለማየት ቀድሞ የመጣ ሰው ሴቶቹን እያየ ተቀመጠ፣ በጥር ወር ደግሞ ሴቶቹን ብሎ የሚመጣ ተገኘ። ጆሊን ሬዝለር የምትባል የኤልምዳል ልጅ፣ አጭርና ፈጣን፣ ከሩቅ ወርውራ ስታገባ ጂምናዚየሙ በጩኸት ተናጋ። አርሊስ ከቢሮዋ ሮጣ ወጥታ የሰውን ፊት እንጂ ጨዋታውን አላየችም። ሰው እንዴት እንደሚያይ ነበር ማየት የፈለገችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ጥሩ ዘመን ነው፤ ጥሩ ዘመን ደግሞ ወሬ የለውም። ልጆች መጡ፣ ሄዱ፣ ልጆቻቸውን ላኩ። ሜርል ከአሰልጣኝነት የግሬንጀር ስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ አባ ኮልቤክም በቅዱስ ኮሎማን እንዲሁ። ጆሊን ተመርቃ፣ አስተምራ፣ ኤልምዳል ላይ ያንኑ ወንበር ያዘች። የመንደሮቹ ሰው ግን ማነስ ጀመረ። ትምህርት ቤቶች ተዋሃዱ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ መንግሥት ቦይድ ያለውን ማሠልጠኛ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲያጣብቀው ስድስቱ አምስት ሆኑ። የአገር አቀፉ ማኅበር ደንብ ከአራት በታች ሊግ አይባልም ይላል። አርሊስ ይህን ቁጥር እያሰበች እንቅልፍ ታጣ ነበር።

በ2000 መከር ላይ አምስቱ ኃላፊዎች እንደ ወትሮው በሚላርድ መገንጠያ ላይ ባለው ምግብ ቤት ለዓመታዊ ስብሰባ ተቀመጡ። የተጠበሰ ዓሣና የተፈጨ ድንች በሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። የዓመቱ ሰብሳቢ የዌስሊ ሂሉ ድዌይን ፕሪት ነበር፤ ሰውን ማስቀየም ከሞት የሚፈራ፣ ደግ ወፍራም ሰው ነው። እሱም በሹካው ሳህኑን እየነካካ ጀመረ።

«እንግዲህ... አንዳንድ ወሬ ይሰማል። ቅዱስ ኮሎማንን የትልቁ ከተማ ኮሌጆች ሊግ እንደሚፈልጋቸው ሰምተናል። እኛ በበኩላችን ለማንም እንቅፋት መሆን አንሻም።»

አባ ኮልቤክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም ብንሆን ማንንም ማስቸገር አንፈልግም። ግሬንጀሮች በጉዞው እንደደከማችሁ ይገባናል። እናንተ ማረፍ ከፈለጋችሁ ቅር አንሰኝም።»

«ኧረ እኛ እንኳ...» አለ ሜርል። «እኛ ሌሎቹ የተስማሙበትን እንቀበላለን።»

ጆሊን «ኤልምዳልም ከብዙኃኑ ጋር ነው» አለች። የሃርመኑ ጌይል ስቱትስማን፣ ሁልጊዜም ዝምተኛ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሁሉም ሌላውን ላለመጎተት ገመዱን ለቀቀ። ሊጉ በዓመቱ መጨረሻ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ማን እንዳቀረበው እንኳ በኋላ ማስታወስ አልተቻለም። ድዌይን ተቃውሞ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዝም። ከዚያ ዞር ብሎ «አርሊስ፣ አንቺስ የምትዪው አለ?» አላት።

ነበራት። ግን አምስቱም መውጣት ፈልገዋል ብላ አመነች። ድምፅ የሌላት ጸሐፊ ተነስታ የሰዎቹን መንገድ ብትዘጋ ምን ይሏታል? «የለም» አለች። «ደህና ነው።»

ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ ነገር የኬክ ሳህን ሳይነሳ ሞተ።

እኛ አገር ግን ስብሰባ ምግብ ቤት ውስጥ አያልቅም። ስንብት አለ፤ ስንብቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፣ ከስብሰባውም ይረዝማል። የመኪና በር እየተከፈተ ይወራል፣ ሞተር እየተነሳ ይወራል፣ መስኮት ተከፍቶ ደግሞ ይወራል። ኦሪን ፒክአፑ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። አባ ኮልቤክ ቆባቸውን ይዘው ወደ እሷ መጡ፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አዝናለሁ አርሊስ። እኛማ መቆየት ነበር የምንፈልገው። ከተሜዎቹን እምቢ ብለን መልሰናቸው ነበር። ግን የደከመ ሰው መጎተት ሆነብን።»

«እምቢ አላችኋቸው?» አለች።

«አዎን። ፋሲካ ላይ።»

አርሊስ መልስ ሳትሰጣቸው ወደ ሜርል መኪና ሄደች። መስኮቱን በጣቷ ሳይሆን በመዳፏ መታችው፤ ሜርል ክፉኛ ደነገጠ።

«ሜርል፣ እውነቱን ንገረኝ። ግሬንጀር መውጣት ይፈልጋል?»

«እኛ? ኧረ በጭራሽ! እነሱ ናቸው እንጂ...»

«እነሱ እነማን?»

ከሜርል ጀርባ ድዌይን ማርሽ አስገብቶ ወደ መውጫው መንቀሳቀስ ጀምሯል። አርሊስ ወደ ፒክአፑ ዞረች።

«ኦሪን! መኪናዋን መውጫው ላይ አቁማት!»

«መንገድ ይዘጋልኮ።»

«እንዲዘጋ ነው!»

ኦሪን ለአርባ ዓመት ያህል ሚስቱን ያውቃት ነበር፤ እንዲህ ስትጮህ ግን ሰምቷት አያውቅም። አንድም ቃል ሳይጨምር ፒክአፑን መውጫው ላይ አጋደመና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ድዌይን መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ምነው፣ ተበላሸባችሁ እንዴ? እርዳታ ትፈልጋላችሁ?»

«አልተበላሸም» አለ ኦሪን። «አንተ ግን ወደ ውስጥ ብትመለስ ይሻልሃል።»

አምስቱም ተመልሰው ገቡ። ጠረጴዛው ተጠርጎ ነበር። አርሊስ አልተቀመጠችም፤ ሁለት እጇን የወንበር መደገፊያ ላይ አድርጋ ቆመች። ሌላ አገር ይህ ምንም አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ሰው ፊት ቆሞ የሚፈልጉትን መናገር፣ ሰው ፊት ልብስ ከማውለቅ አይተናነስም።

«ቅድም ደህና ነው ያልኩት ውሸቴን ነው» አለች። «ደህና አይደለም። ይሄ ሊግ እንዲፈርስ አልፈልግም። እወደዋለሁ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ወድጄው ነው። እናንተም የፈለጋችሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት፣ አሁን ደግሞ የፈለጋችሁ አልመስል አለኝ። ስለዚህ አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ። ስለ ሌላው አትንገሩኝ። ስለ ራሳችሁ ብቻ። አባ ኮልቤክ?»

«መቆየት እንፈልጋለን» አሉ።

«ሜርል?»

«ሌሎቹ ካልተቸገሩ...»

«ሜርል!»

«መቆየት! መቆየት ነው የምፈልገው፣ በቃ!» አለና ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ።

ጆሊን ተራዋ ሳይደርስ እያለቀሰች ነበር። «እኔ ምኑን ብዬ ነው ዝም ያልኩት? እኔ! አሥራ አንድ ተኩል ባይኖር እኔ የት ነበርኩ?» አለች። ድዌይን «እኛም እንቆያለን» አለና ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ።

የቀረው ጌይል ነው። ጆሮው ቀላ። «እኔ... እውነቱን ከሆነ የምትጠይቂኝ፣ እኛ መውጣት እንፈልጋለን። ምሥራቅ ያሉት ይቀርቡናል። ሦስት ዓመት ሆነ ካሰብነው። መናገር አቅቶኝ ነው።»

ከዚያ አባ ኮልቤክ ሳቁ፣ ድዌይን ተከተላቸው፣ ጌይል ራሱ ሳቀ። ሜርል ተነስቶ የሰውዬውን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገው። በዚያ ሊግ ታሪክ ውስጥ ማንም ማንንም እንዲህ በግልጽ እምቢ ብሎት አያውቅም ነበር፤ ያኮረፈ ግን አልነበረም። ሃርመን በሰላም ወጣ። የቀሩት አራት ናቸው፣ ልክ ደንቡ የሚለው አራት። ውሳኔው ተሻረ። ኦሪን ፒክአፑን ሲያነሳ «ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው አሉ የፈለጉት» አለ።

በዚህ መንገድ ሊጉ ዘጠኝ ዓመት ጨመረ። ዘጠኝ ዓመት ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሁሉ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት የተጫወቱት ልጆች አንዳቸውም ያቺን ከሰዓት አያውቋትም። አርሊስም አልነገረቻቸውም። እሷ የነሱን አልጋ ስትደለድል፣ ድመት የሚያስነጥሰው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ነበር። ስብሰባው ግን ተለወጠ። ሰዎቹ መከራከር ለመዱ፣ እንዲያውም አበዙት፤ ድዌይን ስለ ዳኛ ምደባ ከሜርል ጋር ተጨቃጭቆ በሩን ወርውሮ የወጣበት ቀን አለ። በማግስቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሜርልም «ምንም አይደል» ከማለት ይልቅ «አዎ፣ አናደኸኝ ነበር» አለው። አርሊስ ይህን ስትሰማ እንደ ልጆቿ ኮራችባቸው።

በ2009 ዌስሊ ሂል ተዘጋ። የሚቃወሙት፣ የሚጨቃጨቁት ነገር አልነበረም፤ ተማሪ አልመጣም፣ ኮሌጁ በሩን ዘጋ፣ አለቀ። ሦስት ቀሩ። የአገር አቀፉ ማኅበር ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለሊጉ ዕውቅና እንደማይሰጥ ገለጸ፣ ሦስቱም ኮሌጆች እያዘኑ በየፊናቸው ሌላ ማረፊያ ፈለጉ። የሊጉ ጠበቃ ደግሞ ለወጉ ያህል ተሰብስባችሁ ሊጉን በድምፅ አፍርሱት አለ።

በግንቦት ግሬንጀር ላይ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢዋ ጆሊን ናት፤ ፀጉሯ ሽበት ጀምሮታል። አባ ኮልቤክ መጡ፣ ሜርል መጣ። ድዌይን ኮሌጅ ባይኖረውም መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዳር ላይ አርሊስ አለች፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጆሊን የሚነበበውን አነበበች፣ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠባት።

«የሳር ምድር ሊግ ይፍረስ የሚለውን የሚደግፍ?»

ማንም እጁን አላወጣም።

«የሚቃወም?»

አባ ኮልቤክ እጃቸውን አነሱ። ሜርል አነሳ። ጆሊን ወረቀቱን አስቀመጠችና የራሷን አነሳች። ከጥጉ ድዌይን «እኔ ድምፅ እንደሌለኝ አውቃለሁ» አለና ወፍራም ክንዱን ወደ ላይ ሰቀለ። ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው እጃቸውን እንዳነሱ ቆዩ፤ ማንም ቀድሞ ማውረድ አልፈለገም።

«ወይዘሮ አርሊስ፣ ይሄ አሁን ምን ማለት ነው?» አለች ጆሊን።

«ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነዋ» አለች አርሊስ። «ሌላ ምን ማለት ይሆናል?»

«እና ምን እናድርግ?» አሉ አባ ኮልቤክ።

«ምሳ እንብላ። ከዚያ ወደየቤታችን እንሄዳለን።»

ምሳ በሉ። መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰነባበቱ፣ ተቃቀፉ፤ ያ ደግሞ እኛ አገር የሚደረግ ነገር አይደለም። መንገዱ ላይ ኦሪን ሲነዳ አርሊስ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሳትሸሽግ። ኦሪን ከዋናው መንገድ እስኪወጣ ጠበቃት። ማሳው መሀል ሲደርሱ አቆመና ወደ እሷ ዞረ።

«በቃ፣ ፈረሰ?»

አርሊስ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አይ፣ አልፈረሰም» አለች። «እምቢ አልን።»